መልስ፦ የባሕር ሳይንስ፣ የግቢ ሥራና ልጅ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?

የመስክ ትምህርቱ ሰዓት እየተቀያየረ ከቤተ መጻሕፍት ሥራሽና ልጅሽን ከመዋያ ከምታመጪበት ሰዓት ጋር ይጋጭብኛል ላልሽው፣ ከሁሉ በፊት የባሕሩን ሰዓት ቀን መቁጠሪያሽ ላይ አስገቢ።

ውሃው ከዳርቻው የሚሸሽበት ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል፤ በጣም ርቆ የሚሸሸው ደግሞ አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ አካባቢ ስለሆነ ውሃው ከሸሸበት ዳርቻ ናሙና የሚሰበሰብባቸው ዋና ቀናት በየሁለት ሳምንቱ ገደማ ይመጣሉ፣ ያውም በአንድ ቦታ ላይ በአብዛኛው በተቀራራቢ ሰዓት። ውሃው የሚሸሽበትንና የሚመለስበትን ሰዓት የሚያሳየው ሰንጠረዥ አስቀድሞ ስለሚወጣ የሴሚስተሩን በሙሉ ዛሬውኑ ማየት ትችያለሽ።

1. ቀናቱን ለአለቃሽ አሁኑኑ በጽሑፍ ስጪ። ፈረቃ ከወጣ በኋላ መለመን ከባድ ነው።

2. ያንኑ ዝርዝር ልጅሽን ለሚይዝልሽ ሰው ስጪ።

3. ክፍት ቦታ ካለ ሥራሽን ወደ ትምህርት ክፍልሽ ላብራቶሪ ቀይሪ። በአልኮል የተቀመጠ ናሙና መለየትና መቁጠር ሰዓት አይመርጥም፣ ልጅ ከተኛ በኋላ ለምታጠኚውም ይጠቅምሻል። ለእኔ ትልቁን እፎይታ የሰጠኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ጀልባ በምትወጪበት ቀን የማታ ፈረቃ እንዳትይዢ። ነፋስ ከተነሳ መመለሻው ይዘገያል፣ ብዙዎቹ የባሕር ማቅለሽለሽ ኪኒኖች ደግሞ እንቅልፍ ያመጣሉ፤ እኔ እንደዚያ ባሉ ቀናት መኪና እንኳን አልነዳም፣ ልጄን የሚያመጣው ሌላ ሰው ነው።