ኪኒኑን ማን አስቆመው?

ባለፈው ወር አንድ የሰፈራችን ልጅ ጅማ አዌቱ ድልድይ ላይ አስቆመኝ። ከጓደኞቹ ጋር እየዞረ ለበሽተኛ ይጸልያል። «ጋሼ፣ ጸልየንለት ካልዳነ ጥፋቱ የማን ነው? የእኛ ነው ወይስ የእሱ እምነት ማነስ?» አለኝ። ቸኩያለሁ ብዬ አመለጥኩት። አልቸኮልኩም ነበር።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት የዛሬው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት እያለ ነው። ያኔ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ «ዶክተር» ይባላል። እኔም ስባል ዝም እል ነበር፤ ደስ ይላላ!

ሂርማታ ሰፈር ተከራይቼ ስኖር የጎረቤቴ ልጅ የሚጥል በሽታ ነበረባት። 14 ዓመቷ ነው። ፌኖባርቢታል የሚባለውን ኪኒን ከጀመረች ወዲህ ለወራት አልጣላትም። አንድ ማታ እናቷ በነጠላዋ አፏን ሸፍና መጣች። «ዶክተር፣ በሰቃ መንገድ አንድ አዋቂ አለ ይላሉ። ልውሰዳት?»

ሳቅኩባት። ከዚያ ተቆጣሁ። «በዚህ ዘመን?» ብዬ ግማሽ ሰዓት ሰበክኳት። አመስግናኝ ወጣች።

ወሰደቻት። አልነገረችኝም። እንዴት ብላ ትንገረኝ?

አዋቂው ጭስ አጨሰላት፤ የሚጠጣም ሰጣት። «የእኔን ከሌላ እንዳትቀላቅሉ» አላቸው። ኪኒኑ ቆመ። በአምስተኛው ቀን ቡና እየቆላች ሳለ ጣላት።

ጩኸት ሰምቼ ስገባ ቤቱ ያረረ ቡናና ክብሪት ይሸታል። አንዱ ክብሪት እየጫረ አፍንጫዋ ሥር ይይዛል። ቀኝ እጇ ፍም ላይ ነው። ቤቱ ሰው ሞልቶ እጇን ያነሳላት የለም። ይጋባል ብለው ፈርተው ነው። እኔ ነኝ ያነሳሁት። ቆዳው ምድጃው ላይ ቀረ።

እናቷ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ «በአንዴ ማቆም እንዲህ እንደሚያደርግ አልነገርከኝም እኮ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም በሽታው ብሶ ይነሳል፤ ይቁም ከተባለም ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው። ይህን ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁ። ያን ማታ «ውሰጃት፣ ኪኒኑን ግን እንዳታቆሚ» ብላት ይበቃ ነበር።

በሳምንቱ አዋቂውን ልጣላ ሄድኩ። ሽማግሌ ነው። ወንበር አቀረበልኝ። «ኪኒን እንደምትውጥ አልነገሩኝም» አለ። «ለምን አልጠየቅክም?» አልኩት። ዝም አለ። ልወጣ ስል «አንተስ እናቷን ለምን ወደ እኔ መምጣት እንደፈለገች ጠይቀሃታል?» አለኝ። አልጠየቅኩም። ለካ «ጋኔን አለባት» እየተባለ የሚያገባት እንዳይጠፋ ፈርታ ኖሯል።

ወደ ጥያቄህ ልመለስ። እጅህን ከጫንክበት ኃላፊነት አለብህ። መድኃኒት ጀምረሃል ወይ ብለህ ጠይቀው። «እምነትህ አንሶ ነው» የምትሉትን ደግሞ ተዉት፤ በታመመ ሰው ላይ ጥፋት መጨመር ምን ይባላል? የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት በጀመረ ሰሞን ኪኒናቸውን ጥለው ጸበል የገቡ አውቃለሁ። በ1999 የያኔው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱን አብሮ መውሰድ ይቻላል ሲሉ እኛ ነርሶች እፎይ አልን። ስንት ዓመት የለፈለፍነውን እሳቸው በአንድ ቀን ጨረሱት።

የዛሬ ልጆች ሰው ሲወድቅ ቀድማችሁ ስልክ ታወጣላችሁ። ቲክቶክ ላይ «ተፈወሰ» ያላችሁትን ሰው ከወር በኋላ ቤቱ ሄዶ የሚያየው ማነው? የእኛ ዘመን ሰው ቢያንስ ጎረቤቱን ይጠይቃል። ብቻ እሱም ቢሆን ያችን እጅ አላነሳም።

እኔ በእነዚህ ነገሮች አላምንም። ባለፈው ክረምት ምች ሲመታኝ ግን ዳማከሴ ጠጥቻለሁ፤ ሚስቴ ያመጣችልኝን ጸበልም አልመለስኩም። ተሻለኝ። የትኛው እንዳሻለኝ እንጃ።

ልጅቷ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ባለፈው እሁድ ቡና ጠራችኝ። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች እንደታጠፉ ከመዳፏ ጋር ተጣብቀው ቀርተዋል። ሲኒውን በግራዋ አቀበለችኝና «በግራ ሆነብዎት ጋሼ፣ ይቅርታ» አለችኝ።