መልስ፦ ድሬ ሆኖ ለዘጠኝ ፒን ውድድር መዘጋጀት
ወንድሜ፣ አስር ፒን ቦውሊንግ (ኳስ አንከባሎ የቆሙ ፒኖችን መጣል) የለመደ ሰው ድሬዳዋ ሆኖ ለዓለም አቀፍ የዘጠኝ ፒን ቦውሊንግ ውድድር ምን ይለማመድ ላልከው፣ ከአያያዝህ ጀምር። ኳሷ የጣት ቀዳዳ የላትም፤ 16 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 2.8 ኪሎ ገደማ፣ በመዳፍ የምትያዝ ናት።

ጨዋታው 120 ውርወራ ነው፤ በ4 መስመር (ኳሷ የምትንከባለልበት ሌይን) 30፣ 30። ከ30ው 15ቱ ሁሌም በሙሉ ዘጠኝ ላይ፣ የቀረው 15 ማጽዳት ነው፤ ፒኖቹ ሁሉ ካልወደቁ አዲስ አይቆምልህም። ነጥብ የሚፈሰው እዚህ ነው! ጥግ ላይ የቀረች አንዲት ፒን ሦስት አራት ኳስ ትበላለች። ስለዚህ ነጠላ ዒላማ ላይ በርታ።

ሲሚንቶ ወለል ላይ 35 ሳንቲ ሜትር ስፋት በኖራ አስምርና ጉልበትህን አጥፈህ ኳሷን እዚያ ላይ አሳርፋት። «ዷ» ካለች ከፍ አድርገህ ለቀሃታል፤ ነጥራ አቅጣጫ ትስታለች። ለመስመር የሚሰጠው 12 ደቂቃ ነው፣ ለአንድ ውርወራ 24 ሰከንድ፤ ሰዓት ይዘህ ተለማመድ። የድሬ ሙቀት መዳፍ ያልባል፣ ፎጣ አይለይህ።