መልስ፦ መልእክቱ ከተመሰጠረ ማን ምን ያያል?
«ዋትስአፕ የተመሰጠረ ከሆነ መንግሥት ምን ሊያይብኝ ይችላል?» ላልከው፦ ይዘቱ ይደበቃል እንጂ ከማን ጋር፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደተጻጻፍክ አይደበቅም። የጅምላ ስለላ ዋና ቀለብም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለአሜሪካው የስለላ ድርጅት ለኤንኤስኤ በኮንትራት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን ባወጣው ሰነድ መሠረት ድርጅቱ ከስልክ ኩባንያው ከቬራይዘን ሲሰበስብ የነበረው ማን ለማን ደወለ፣ ለምን ያህል ጊዜ አወራ የሚለውን እንጂ ድምፁን አልነበረም።

ብዙ ሰው የሚሸወደው ግን ባክአፕ (የቻቱ መጠባበቂያ ቅጂ) ላይ ነው። ቻቱ ጎግል ድራይቭ ወይም አይክላውድ ላይ ሳይመሰጠር ከተቀመጠ የመልእክቱ ምስጠራ ምን ይረባል? ሴቲንግ፣ ቻትስ፣ ቻት ባክአፕ ገብተህ የባክአፑን ምስጠራ አብራ። ባለ 64 አኃዙን ቁልፍ ከመረጥክ ወረቀት ላይ ገልብጠው፤ ከጠፋብህ ዋትስአፕም አይመልስልህም። የምትጻጻፈው ሰውም ካላበራ ያው ቻት በእሱ በኩል ተራቁቶ ይቀመጣል።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ ተራው ቻት የኩባንያው ኮምፒውተር (ሰርቨሩ) ላይ ነው ያለው፤ ለጽሑፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ማለትም ከላኪውና ከተቀባዩ በቀር ማንም እንዳያነበው፣ የሚመሰጠረው ሲክሬት ቻት ብቻ ነው።