አስትሪድ እና አስቴር አንድ ስም ናቸው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ባለቤቴ ስዊድናዊ ስለሆነ ልጃችንን አስትሪድ አልናት። አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ግን «ያው አስቴር ነው፤ ሁለቱም ኮከብ ማለት ነው» ብላ አስቴር ነው የምትላት። እውነት አንድ ናቸው? በአማርኛስ እንዴት ይጻፋል?

መልስ፦ አንድ አይደሉም። በእናትዎ ግን አይፈረድም፤ አስትሪድን «ኮከብ» ብለው የሚተረጉሙ ፈረንጆችም ሞልተዋል።

አስትሪድ የጥንት ስካንዲኔቪያውያን ስም ነው። «አስ» እና «ፍሪድ» ከሚሉ ሁለት ቃላት ተጣምሮ የተሠራ ነው። «አስ» የሚባለው ክርስትና ሳይገባ በፊት ከሚያመልኳቸው አማልክት፣ ከእነ ኦዲንና ቶር ወገን የሆነ ነው። «ፍሪድ» ደግሞ ውብ፣ ተወዳጅ ማለት ነው። ሲጣመሩ «ፍ» ተዋጠች። «ስ» እና «ር» ጎን ለጎን ሲገጥሙ ለምላስ ስላልተመቹ መሀላቸው «ት» ገባች። አስቴርን ያስመሰለቻት እንግዲህ ይህቺው ኋላ የመጣች «ት» ናት! ኢንግሪድና ሲግሪድ የሚሉት ስሞችም መጨረሻቸው ያው «ፍሪድ» ነው፤ የሲግሪድ «ሲግ» ድል ማለት ነው።

ዴንማርክ ውስጥ ኤስትሪድ የሚል መልክም አለው። እ.ኤ.አ. በ1047 የነገሠው ስቬን ኤስትሪድሰን የሚጠራው በአባቱ ሳይሆን በእናቱ ስም ነው፤ «የኤስትሪድ ልጅ» እንደማለት። እናቱ የዴንማርክ ንጉሥ የነበረው የታላቁ ክኑት እህት ስለነበረች ለዙፋኑ ያበቃው የእሷ ዘር ነው። በአባት ስም ለምንጠራው ለእኛ ይህ ገረም ያደርጋል።

አስቴር ግን የመጽሐፍ ቅዱሷ ንግሥት ናት፤ ሌላው ስሟ ሀደሳ ነው። አስቴር የሚለውን ከፋርስኛው «ኮከብ» ጋር የሚያያይዙ አሉ፤ የለም፣ ኢሽታር ከምትባለው የባቢሎን አምላክ ነው የሚሉም አሉ። ስለዚህ እናትዎ «ኮከብ» ያሉት ለአስቴር ከሆነ ያስኬዳል።

አጻጻፉ «አስትሪድ» ነው፤ «ስ»ም «ት»ም ሳድስ ናቸው፤ «አስቴሪድ» አይባልም። ኖርዌዮች ብዙ ጊዜ «ድ»ን ውጠው «አስትሪ» ይላሉ። ስዊድኖች ግን ስለሚያሰሟት እርስዎም አይጣሏት።

እናትዎ አስቴር ማለታቸውን ይቀጥሉ፤ አያት የቤት ስም ብታወጣ ማን ይከለክላታል? ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ስታወጡላት ግን የአማርኛው ጽሑፍ አስትሪድ ይሁን፤ አንዱ ሰነድ ላይ አስቴር፣ ሌላው ላይ አስትሪድ ከሆነ ኋላ ጣጣው ብዙ ነው።