የተሰነጠቀው ከዘራ

«ጋሼ፣ ከግቢዬ ወይራ አራት ቅርንጫፍ ቆርጬ፣ ቅርፊታቸውን ልጬ ለከዘራ እንዲሆኑኝ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። በሁለት ሳምንት የሁሉም ጫፍ ተሰነጠቀ፣ ሁለቱ ጭራሽ ጎበጡ። ሌላ ከመቁረጤ በፊት ምን ላድርግ?»

ወንድሜ፣ እንጨትህ ደህና ነበር፤ የጎዳው ጥድፊያው ነው። እርጥብ እንጨት ከጎኑ ይልቅ በተቆረጠው ጫፉ ቶሎ ይደርቃል። ጫፉ ሲኮማተር መሃሉ ገና እርጥብ ስለሆነ አብሮት አይኮማተርም፤ ያኔ ይተረተራል። ቅርፊቱን ስታነሳለትና ፀሐይ ስትጨምርበት ደግሞ ባሰ።

ሌላ ጊዜ ከምትፈልገው ቁመት በሁለቱም በኩል አንድ ስንዝር አስረዝመህ ቁረጥ። በዚያው ቀን ጫፎቹን የቀለጠ ሻማ ወይም ቀለም ቀባቸው። ቅርፊቱን አትንካ። ቀጥ ካለ ነገር ጋር አንድ ላይ ጥብቅ አድርገህ እሰርና ነፋስ በሚገባበት ጥላ፣ ከመሬት ከፍ አድርገህ አስቀምጥ። 2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ላለው እንጨት 1 ዓመት ያህል ጠብቅ፤ ወይራ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል። እኔ በየወሩ እመዝናለሁ፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ጉንጫቸው ላይ አስነክተው «አሁንም ይቀዘቅዛል፣ አልደረቀም» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ፤ ብዙም አይሳሳቱም።

የጎበጡትን አትጣላቸው። ሲደርቁ የጎበጠበትን ቦታ በፈላ ውሃ እንፋሎት አሙቀው፤ ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 1 ሰዓት ገደማ ይበቃል። ጓንት አድርገህ በጉልበትህ ላይ ከቀጥታው ትንሽ አሳልፈህ ወደ ሌላው ጎን ግፋው፤ እስኪቀዘቅዝም አትልቀቀው።

ቀጥ ያለ እንጨት ከቅርንጫፍ ከመልቀም ግን ከጉቶ ማብቀል ይሻላል። ዛፉ እድገቱን በሚያሳርፍበት ወቅት፣ አዲስ ቅጠል ሳይፈነዳ፣ አንዱን ግንድ ወደ መሬት አስጠግተህ፣ ውሃ እንዳይቋጥር ሰያፍ አድርገህ ቁረጠው። ጉቶው ብዙ ቡቃያ ያቆጠቁጣል። መጀመሪያ ላይ አታሳሳው፤ ተጨናንቆ ብርሃን ፍለጋ ሲሽቀዳደም ነው ቀጥ የሚለው። በሁለተኛው ዓመት አምስት ስድስቱን መርጠህ ሌላውን አንሳ። በጎን የሚወጣውን እምቡጥ ገና ለስላሳ ሳለ በአውራ ጣትህ ፈትገህ ጣለው፤ ከጠነከረ በኋላ ብትቆርጠው ቋጠሮ ይተውልሃል። ፍየል የሚገባበት ግቢ ከሆነ አጥር ቀድሞ ይምጣ።

መጨበጫውም ከራሱ እንጨት እንዲወጣ ከፈለግህ፣ ከወፍራም ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ የተነሳ ቡቃያ ፈልግ። ቡቃያውን ከሥሩ አትቁረጠው፤ ወፍራሙን ቅርንጫፍ በግራና በቀኝ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል አስቀርተህ ቁረጥ። ከዚያ ጉማጅ መጨበጫውን ትጠርባለህ፤ ማጣበቂያም ምስማርም አያስፈልገውም።

አሁን በእጅህ ያሉትን አራቱን በተመለከተ፣ ጫፋቸውን በአንድ ጣት ስፋት እየቆረጥክ ሂድ። ስንጥቁ ሲጠፋ ሁለት ጣት ጨምረህ ቁረጥና የቆረጥከውን ጫፍ ወዲያው ሻማ አልብሰው። ጫማህን አድርገህ፣ ክንድህን አንጠልጥለህ ቁም፤ የቀረው እንጨት ከመሬት እስከ እጅ አንጓህ ከደረሰ ከዘራ ይወጣዋል።