መልስ፦ የሥርዓተ ጾታ ጥናት ምን ይፈይዳል?

ሰላም ወንድሜ። «ሴቶች እንደሚደክሙ ሁሉም ያውቃል፤ ጥናቱ ምን ይጨምራል?» ላልከው፣ የሚጨምረው ልኬት ነው። ያልተለካ ድካም በጀት ሲደለደል ማንም አያነሣውም።

አንዲት የገጠር እናት «ሥራ አለሽ?» ተብላ ብትጠየቅ «የለኝም፣ ቤት ነው የምውለው» ትላለች። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ወተት ንጣ ማለት ነው! መጠይቁ ግን «ሥራ የላትም» ብሎ ይመዘግባታል። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፣ የጥያቄው ነው። የጊዜ አጠቃቀም ጥናት ግን የትናንቱን 24 ሰዓት ቆራርጦ በየተራ ይጠይቃል። «ጎን ለጎንስ ምን ትሠሪ ነበር?» የሚለው ካልተጨመረ፣ ልጅ አዝላ የጋገረችበት ሰዓት ጋገራ ብቻ ሆኖ ይቀራል። አገራችን እንዲህ ያለውን ብሔራዊ ጥናት ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራችው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው።

መሬትም እንዲሁ። አባወራውን ብቻ «የማን ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። ባልና ሚስትን ለየብቻ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ጠይቅ፤ ሚስትየዋን ሴት ጠያቂ ታነጋግራት። ባል አጠገቧ ከተቀመጠ አንተ የምትሰማው የእሱን መልስ ነው። የሁለቱ መልስ ቢለያይ ደግሞ እባክህ አታስታርቀው፤ ልዩነቱ ራሱ ግኝት ነው። ሰነዱም መታየት አለበት፦ በአማራ ክልል የመሬት ደብተር (የይዞታ ማረጋገጫ) ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶ ይወጣል፤ በትግራይ ቀድሞ የተሰጠው ግን በቤተሰብ ኃላፊው ስም ብቻ ነበር። አጥኚዎች ሁለቱን አሠራሮች አነጻጽረው፣ ፍቺ ሲመጣ ሴቲቱ በእጇ ምን ማስረጃ እንደሚኖራት መመርመር ይችላሉ።