ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ልጄን ሰኞ ሰኞ ሆዱን ያመዋል»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ልጄ 14 ዓመቱ ነው፤ 8ኛ ክፍል ይማራል። ድምፁ ቀጭን ነው፣ ኳስ አይወድም፣ ከሴቶች ጋር ይውላል። የክፍሉ ልጆች «ሴታ ሴት»፣ «ቡሽቲ» ይሉታል። ደብተሩን ቀደውበታል፤ ሲያለቅስ ቀርጸው በቴሌግራም ለቀውበታል። ሰኞ ሲሆን ሆዴን ይላል። ክሊኒክ ሰገራውም ደሙም ታይቶ ምንም አልተገኘበትም። አባቱ የወንድ ሆርሞን ይወጋ፣ ካልሆነ ጠበል ይግባ ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ልጅዎን ሆዱን የእውነት ያመዋል። ምርመራው ንጹህ ስለሆነ ያስመስላል ማለት አይደለም። ሰው በስጋት ሲኖር አንጀቱም ይታወካል፤ ቁርጠትና ማቅለሽለሽ ይመጣል። ቅዳሜና እሁድ ደህና ውሎ ሰኞ መታመሙ ከላቦራቶሪው በላይ ይናገራል።

መርፌውን ይተዉት። የወንድ ልጅ ጉርምስና ከ9 እስከ 14 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል፤ ድምፅ የሚጎረንነው ከዚያ ዘግየት ብሎ ነው። ምንም ምልክት ካልታየበት የሕፃናት ሐኪም ይየው። ያለ ምርመራ የሚወጋ ሆርሞን ግን ቁመቱን ያለጊዜው ሊያቆመው ይችላል።

ከደብዳቤዎ ጀርባ ሌላም ጥያቄ ያለ ይመስለኛል። ድምፁና አብረውት የሚውሉት ልጆች ወደ ማን እንደሚሳብ አይነግሩንም። ወደ ወንድ ቢሳብ እንኳ በሽታ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል። መርፌም ዱላም አይቀይረውም። ስለዚህ «ነህ ወይስ አይደለህም?» እያሉ አያፋጥጡት። ጠበልም ቢሆን እሱ ከፈለገ ይሂድ እንጂ ለቅጣት አይውሰዱት።

ትምህርት ቤት ሲሄዱ «ልጄ እንደሚሉት አይደለም» ብለው አይጀምሩ። ያኔ ክርክሩ ስለ እሱ ማንነት ይሆንና ደብተር የቀደዱት ይረሳሉ። አገራችን ውስጥ የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነት በወንጀል ሕግ ስለሚያስቀጣ፣ ይህ ስም ከተለጠፈበት ጣጣው ከግቢው አጥር ያልፋል። ለክፍል ኃላፊውና ለዩኒት ሊደሩ የተደረገበትን ብቻ ይንገሩ፦ ምን፣ መቼ፣ የት፣ በማን። ጽፈው ይስጧቸው። ቪዲዮውን ከማስጠፋትዎ በፊት ስክሪንሾት ያስቀሩ። በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤቱ አካባቢ መምህር እንዲቆምም ይጠይቁ፤ መምህር በማያይበት ቦታ ግፍ ለመፈጸም ይመቻል።

አባትየውንም ብቻውን ያነጋግሩት። ቁጣው ፍርሃት ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ልጁ የሚሰማው ግን ቁጣውን ነው።

ማታ ሲቀመጡ ስለ እንቅልፉና ስለ ምግቡ ይጠይቁት፤ «መኖር ያስጠላሃል? ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብለውም በግልጽ ይጠይቁት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት፤ የአይጥ መርዙን፣ በረኪናውንና ቤት ያለውን መድኃኒት ይቆልፉ። በዚያው ቀን ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። እዚያም ሐኪሙ ልጁን ለብቻው እንዲያነጋግረው ከክፍሉ ወጣ ይበሉ።